ያልፈካች እርሳስ

ሃምሳ አለቃ ድልነሳ፥ በቀትር ሐሩር፥
ለገሃሬ ድረስ፥ በእግሩ ሲዞር፥
ቶርኖዬ ፊት ቆሞ፥ ሸማውን ፈታና፥
አንዲት ጥይት ጣለ፥ «እያት እስኪ» አለና።

ጫፏ አልደነዘዘ፥ ወገቧ አልጎበጠ፥
መዳቧ አልተላጠ፥ እርሳሷ አልቀለጠ፤
ዛሬ ከካርቶኗ ወጥታ እንደዋለች፥
መዳፌ ላይ ሆና ፀሐይ ትሞቃለች።

«ከየት አገኘሃት?»
               «ከግራር ግንድ ውስጥ።
አጋዘኑን አልፋ፥ በወዲህ ገብታ በወዲያ ስትወጣ
ዛፉ ነው የያዛት።»

ፈቃድ ነበረው፥ ማኅተም ያረፈበት፥
ለአንድ ወንድ አጋዘን፥ ቀን የተጻፈበት።

«ሰማንያ እርምጃ ነው። አልሳትኩም፥ እወቀው።
ከክንዱ ሥር ገባች። ሲርድ አየሁት።
ሲወድቅ ጠበቅሁት።
አልወደቀም።
ቀንዱን ወደ ኋላ አስተኝቶ
ቁጥቋጦው ውስጥ ጠለቀ፥ ኩሬ እንደገባ ድንጋይ፤
የተወልኝ ሦስት ጠብታ ደም ነው፥
እሱም ጠጠር ላይ።»

ዱካውን ያነሳው ሮብሌ ነበረ፥
አፈሩን በሁለት ጣት እየመረመረ፥
ደረቁን ወንዝ ይዞ ሁለት ሌሊት ያደረ።
ጅብ እንዳይቀድማቸው እሳት ሳያነዱ፥
ሳያወሩ ሄዱ።
በሦስተኛው ንጋት፥ ከአንድ ቋጥኝ ጥላ፥
ተንበርክኮ አገኙት። አልሞተም።
ቀዳዳው ስትገባ ምስር ታህላለች፥
ስትወጣም ምስር ታህላለች።

«በሁለተኛው ገላገልኩት» አለ ድልነሳ።
«ግን ይቺ... ይቺ ለምን አልፈካችም?»

በሞርሳ አሰርኳት። በብረት መጋዝ
ቁመቷን ለሁለት ሰነጠቅኳት፥ ቀስ ብዬ፥ እንዳትግል።
«እይ መዳቧን» አልኩት፥ «ወፍራም ነው፥ አፍንጫዋ ድረስ ሸፍኗታል።
ለጦር ነው የተሠራች፥
አንዱን ሰው አልፋ ሌላውን እንድትጠራ።
የአደን ጥይት ግን አፍንጫው እርሳስ ነው፤
ሥጋ ሲጫነው ነው
ከንፈሩን ገልብጦ ወደ ኋላ የሚፈካው።
እሱም ቢሆን ይሰንፋል፤
ከሩቅ ከላክኸው ዝሎ ይደርሳል፥ መፍኪያ ጉልበት ያጣል።
ጫፉ ጎድጓዳ ከሆነ፥ አንዳንዴ
ቆዳና ጠጉር ይጠቀጠቅበታል፤
አፉ እንደታፈነ ሰው ዝም ብሎ ያልፋል።
ይቺን ከየት ገዛህ?»

«ከአንድ ሰው። በርካሽ» አለ። ዓይኔን አላየም።

ሮብሌ በሩ ላይ ከሸበጡ እሾህ ይነቅል ነበር።
ቀና ሳይል ተናገረ፦
«አጥንትም አላገኘችም። በጎድንና በጎድን መሐል ነው።
እንስሳው አየር ስቦ ነበር ያን ጊዜ፥ ሳንባው ነፋስ ነው።
ባዶ ቤት ብትገባ ማን ተቀመጥ ይልሃል?
በጓሮው ትወጣለህ።»

ስለ ወንድሜ አልነገርኳቸውም።
ከአዋሽ ጣቢያ ስልክ ተደውሎ
«አረፈ» ያሉኝ ዕለት
ቶርኖው ላይ የነበረውን ብረት ጨርሼ ነው የወጣሁት፥
ልኩን አንዲት ፀጉር ሳላዛንፍ።
ከዚያ ምሳ በላሁ።
ቀባሪው ሁሉ «ጠንካራ ነው» አለኝ።
አሁን፥ ከሃያ ዓመት በኋላ፥
አመሻሽ ላይ ሞተሩን ሳጠፋ
በወዲህ ገብቶ በወዲያ የሚወጣ
ቀጭን ነፋስ ይሰማኛል።

«ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የሷ?» አለ ድልነሳ።
«የሷ» ልል አፌን ከፈትኩ።
ጉሮሮዬ ውስጥ የብረት ብናኝ ነበር፥ ሳልኩ።
«አየኝ እኮ» አለ። «ሁለት ቀን ሙሉ
እዚያ ሆኖ እየጠበቀ፥ ስደርስ አየኝ።»

ሂሳብ አልተቀበልኩም።
ግማሿን በሸማው ጫፍ ቋጥሮ
በከዚራ በኩል፥ በዛፎቹ ጥላ ሄደ፤
ሮብሌ ከኋላው፥ የሱን ዱካ እንደሚያነብ ሁሉ
መሬት መሬቱን እያየ።

ሌላዋ ግማሽ እዚህ ናት፥ ሞርሳው አጠገብ።
ውጭዋ ዛሬም ያበራል።
ውስጧ ግራጫ ነው፥ ለስላሳ፤
በጥፍሬ ስጫናት
ምልክቱን ትቀበላለች።